ሰባተኛው ዙር

ካሕሳይ ማረፉን የሰማሁት ሰሜን ክፍለ ከተማ ውስጥ በእሱ ቦታ ተተክቼ ለአዲስ መንገድ ችካል እያስተከልኩ ሳለ ነው። ባለቤቴ ፅጌ ደወለችልኝ። «አያ ካሕሳይ...» አለችና መቀጠል አቃታት። መቀጠልም አላስፈለጋትም። አብረውኝ የነበሩት ሠራተኞች ፊቴን አይተው የያዙትን ሜትር መሬት ላይ ለቀቁት። ካሕሳይ ቢኖር ይቆጣ ነበር። ሜትር አፈር ላይ ተጥሎ ማየት አይወድም። «አቧራ የገባበት ሜትር ውሸት ይማራል» ይል ነበር።

ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። አሥራ አራቱን ዓመት አብረን ሠርተናል። እሱ ቀያሽ ነው፤ እኔ ደግሞ እሱ ለክቶ ያመጣውን ቁጥር ካርታ ላይ የማሰፍር ድራፍትስማን ነኝ። ደብረ ብርሃን ተወልጄ መቐለ የመጣሁት በሥራ ቅጥር ነበር። ትግርኛ አንድ ቃል አላውቅም ነበር። ቢሮ በገባሁበት ቀን ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «ሸዋዬ ነህ?» አለኝ።

«አዎ።»

«እዚያ ብርድ ነው፤ እዚህ ፀሐይ ነው። ባርኔጣ ግዛ።»

አቀባበሉ ይኸው ነበር። ለጥቂት ወራት «እርስዎ» እያልኩ ስጠራው ቆይቼ አንድ ቀን ሰለቸውና «እዚህ አገር ታላቅ ወንድም አያ ነው፤ ቀጥሎ አንተ ነው። እርስዎ የሚባለው ዳኛ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አያ ካሕሳይ ሆነ። እኔ ለእሱ ደሬ፣ ሲቀልድ ሸዋዬ፣ ነገር ሲጠብቅበት ደግሞ ሓወይ ነበርኩ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው።

ረዥም፣ ቀጭን፣ ጆሮው ከፀሐይ ብዛት የተላጠ ሰው ነበር። ርምጃው ሰባ ስምንት ሳንቲ ሜትር ናት፤ ለክቷታል። በእንግድነት ሰው ቤት ሲገባ እንኳ ከበሩ እስከ ወንበሩ ያለውን በልቡ ቆጥሮ ነው የሚቀመጠው። አንድ ጊዜ የረዥም ጊዜ ወዳጁ አጥር የአንዲት ባሏ የሞተባትን ሴት ቦታ አርባ ሳንቲ ገፍቶ አገኘው። ወዳጁ ትከሻውን አቅፎ «አርባ ሳንቲ ምን አላት ካሕሳይ?» አለው። ካሕሳይ ሜትሩን እየጠቀለለ «አርባ ሳንቲ ላይ ሰው ቆሞ ይውላል» አለ። አጥሩ ፈረሰ፤ ወዳጅነቱም አብሮ ፈረሰ። ወደ ቢሮ ስንመለስ ከንፈሩን እየነከሰ ቆየና «መሬት አይዋሽም ሓወይ። ሜትሩን የሚያሳጥረው ሰው ነው» አለኝ።

አርባ አራት ዓመት ሲሆነው ዓይደር ሰፈር ባለ አንድ ክሊኒክ የስኳር በሽታ እንዳለበት ተነገረው። ኪኒን ታዘዘለትና በቀን ግማሽ ሰዓት እንዲራመድ ተመከረ። ቢሮ ገብቶ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «ግማሽ ሰዓት ርቀት ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምክሩ አላረካውም። መለካት ነበረበት። መራመዱ በዓመቱ ሩጫ ሆነ፤ ሩጫው ደግሞ ማራቶን የሚባል ነገር ራሱ ውስጥ ከተተበት።

ሦስት እሑድ ሙሉ ሜትር ጎትተናል፤ አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ይዘን። ሰሜን ክፍለ ከተማ ካለው ቤቱ በር ተነስተን፣ ወደ ውቅሮ የሚወጣውን አስፋልት ይዘን፣ ጠጠር መፍጫው ጋ ወደ ግራ ታጥፈን፣ የኮብልስቶኑን ሰፈር ዞረን ተመልሰን እዚያው በሩ። ሙሉ ማራቶን ለሰባት ሲካፈል ስድስት ሺህ ሃያ ሰባት ሜትር ከሰማንያ ስድስት ሳንቲ ነው። የኛ ዙር አሥራ አንድ ሜትር ጎደለ። እኔ ይበቃል አልኩ። እሱ ቆሞ ግራ ቀኙን ሲያይ ቆየና መንገድ ዳር ያለ አንድ ባሕር ዛፍ አሳየኝ። «ይቺን ዞረን እንመለሳለን። አሥራ አንድ ሜትሩን እሷ ትሰጠናለች።» በየዙሩ ከመንገድ ወጥቶ ባሕር ዛፉን ዞሮ የሚመለስ ጎልማሳ ሰው ያዩ የሰፈሩ ሰዎች መጀመሪያ ያበደ መስሏቸው ነበር። «አያ ካሕሳይ፣ ማን እያባረረህ ነው?» ይሉታል። «ስኳር» እያለ ያልፋቸዋል።

ሚስቱ እትዬ መድሂን ልብስ ሰፊ ናት። ልጅ አልወለዱም። ሩጫውን አትወደውም ነበር። አንድ ቅዳሜ የሩጫ ጫማውን ዱቄት ማስቀመጫው በርሜል ውስጥ ደበቀችበት። እሑድ ጠዋት በሥራ ጫማው ሮጦ ተረከዙ ተልጦ ተመለሰ። አይታው ወደ ጓዳ ገባች፤ ዱቄት የለበሰውን ጫማ ይዛ ወጥታ እግሩ ሥር ወረወረችለት። «እንካ! ሂድ ሙት!» አለችው። እሱ ጫማውን እያራገፈ «ሞት እንኳ መንገዱን ካልለኩለት አይመጣም» ሲላት ሳቋ አመለጣት።

ከጦርነቱ በፊት በነበረው ዓመት ሌላ ከተማ ሄዶ የመጀመሪያውን ማራቶን ገባ። ሠላሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስኳሩ ወርዶ ወደቀ። ሲነቃ ድንኳን ውስጥ ነበር፤ ምላሱ ላይ ስኳር አድርገውለት። ከዚያ በኋላ ሰው «ደኅና ነህ ወይ?» ሲለው ለወራት የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር። «ደኅና ነኝ። አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ከመቶ ዘጠና አምስት ሜትር ቀረኝ።»

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

በእኔ ላይ ክፉ የተናገረ ሰው የለም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ግን ሱቅ ገብቼ አፌን ስከፍት የሱቁ ወሬ ይቆማል። ሁሉም ሰው የሞተበት፣ የጠፋበት፣ የተሰደደበት ነበረው፤ እኔ ደግሞ ምላሴ ላይ አማርኛ ነበር። ትግርኛዬ በዘጠኝ ዓመትም አልተቃናም። ከቤት መውጣት ተውኩ። ዳቦ የምትገዛው ፅጌ ሆነች።

አንድ ቀን ካሕሳይ በሩን አንኳኳ።

«ጫማ አለህ?»

«የምን ጫማ?»

«የሩጫ። ከሌለህ በሸራ ጫማም ይሆናል። ተነሥ።»

«አያ፣ እኔ ሮጬ አላውቅም።»

«ትማራለህ። በል ተነሥ።»

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር፤ ፀሐዩ አናት የሚበሳ፣ መንገዱ በሰው የሞላ። ሁለት መቶ ሜትር ሳንሄድ ሳንባዬ አፌ ደረሰ። እሱ በየሱቁ ደጃፍ ፍጥነቱን እየቀነሰ፣ እጁን እያነሣ ሰላምታ ያቀርባል። ወደ እኔ እየጠቆመ «ሓወይ እዩ» ይላቸዋል። ወንድሜ ነው ማለቱ ነው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሰልፍ ይዘው ለቆሙት ሴቶችም፣ ጥላ ሥር ለተቀመጡት ሽማግሌዎችም፣ ጎማ ለሚጠግነውም ያንኑ ይላል። በማግሥቱም መጣ። በሦስተኛውም ቀን። ሰውየው ሩጫ ከጀመረ ወዲህ ጎሕ ሳይቀድ ነበር የሚሮጠው። ለምን በአራት ሰዓት እንዳደረገው ስጠይቀው «ፀሐይ ለአጥንት ጥሩ ነው» አለኝ። ነገሩ የገባኝ በሳምንቱ፣ ሱቅ ሄጄ ባለሱቁ ስንት ዙር እንደሮጥኩ በጠየቀኝ ጊዜ ነው። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ።

መንገዱ ተዘጋ፤ ባንክ ተዘጋ፤ ስልክ ጠፋ። ደመወዝ ቀረ። ቢሮ የምንሄደው ልማድ ሆኖብን ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ያለውን አቧራ ጠርገን እንመለሳለን።

የፅጌ እናት ኣደይ ለምለም ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ከጦርነቱ በፊት ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ ከአልጋ የሚነሡት በሰው ድጋፍ ነው። ስኳርም አለባቸው። መንገድ በተዘጋ በሦስተኛው ወር ኪኒናቸው አለቀ። ዓይደር ያሉትን ፋርማሲዎች አንድ በአንድ ዞርኩ። መደርደሪያዎቹ ባዶ ነበሩ፤ አንዷ ፋርማሲስት ከሰው ፊት እንዳታፍር ባዶ ካርቶኖቹን ደርድራ ትተዋቸዋለች። ይህን ለካሕሳይ ነገርኩት። ወሬ ብዬ ነው የነገርኩት እያልኩ ዓመታት ራሴን አሳምኛለሁ። አልነበረም። እሱ መጠባበቂያ እንደሚያስቀምጥ አውቅ ነበር፤ ሰውየው ለሁሉም ነገር ትርፍ የሚለካ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት መጣ። ከኪሱ በመቀስ ለሁለት የተቆረጠ የኪኒን ማሸጊያ አወጣና ሰጠኝ።

«ግማሹ የኣደይ ለምለም ነው። በየሳምንቱ አመጣለሁ።»

«አንተስ አያ?»

«እኔ እግር አለኝ። እሳቸው የላቸውም።»

«አያ...»

«ስኳር በሩጫ ይወርዳል። ሐኪሙ ራሱ ነው ያለኝ። መድሂን ግን እንዳትሰማ።»

ለአምስት ወር በየሳምንቱ አመጣ። ግማሽ ኪኒን ለእሱ እንደማይበቃው አውቅ ነበር። ሰው በቀን አንዴ ቆሎ እየቆረጠመ ሩጫ መድኃኒት እንደማይሆነውም አውቅ ነበር። እያወቅሁ ተቀበልኩ። ኣደይ ለምለም እጄን እየሳሙ «ከየት አገኘኸው ወደይ፣ ልጄ?» ሲሉኝ «ከፋርማሲ» እላቸዋለሁ።

የጎደለውን ኪኒን በርቀት ሊሞላው ፈልጎ መሰለኝ በዚያ ሰሞን ሩጫውን ጨመረው። ጉንጩ ወደ ውስጥ ገባ። የጫማው ሶል ሲያልቅ ሊስትሮው የመኪና ጎማ ቆርጦ በሚስማር መታለት። ከሚስማሮቹ አንዱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ነበር። የስኳር ሕመም እግሩን ስላደነዘዘው ካሕሳይ ምንም አልተሰማውም። ሁለት ቀን በላዩ ሮጠበት። ያየችው እትዬ መድሂን ናት፤ ከአልጋው እስከ በሩ ድረስ ወለሉ ላይ ደም የረገጠ እግር ምልክት አግኝታ።

ባጃጅ ነዳጅ የለውም። በእጅ ጋሪ አስቀምጠን፣ እኔ እየጎተትኩ እሷ ከኋላ እየገፋች ዓይደር ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሞቹ ራሳቸው ደመወዝ አልባ ነበሩ፤ ያገለገለ ፋሻ እያጠቡ፣ እየቀቀሉ ነበር የሚሠሩት። ያላቸውን ሁሉ አደረጉ። ሁለት ጣት ተቆረጠ፤ ከቀኝ እግሩ።

ሰመመኑ ሲለቀው አልጋው አጠገብ ነበርኩ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። ቀድሞኝ «ርምጃዬ ያጥራል ግዲ፣ ሳያጥር አይቀርም። እንደ አዲስ መለካት አለብኝ» አለ። ቤቴ ስመለስ ኣደይ ለምለም ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰላም ሳልላቸው አልፌያቸው ገባሁ። ዛሬም አሉ፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው።

ሰላም ሲወርድ ስልኩ መጣ፤ ኪኒኑ መጣ፤ ደመወዙም እየተንጠባጠበ መጣ። ካሕሳይ ከበሩ እስከ ጎረቤት በር ተራመደ። ከዚያ እስከ አስፋልቱ። ከዚያ እስከ ባሕር ዛፉ። ርምጃው ሰባ አንድ ሳንቲ ሆናለች፤ የቀኝ እግሩን ጎተት ያደርጋል። ሐኪም ተራመድ እንጂ አትሩጥ ብሎታል። በዓመት ተኩል ውስጥ ከአንድ ዙር ሦስት፣ ከሦስት አምስት ደረሰ።

«አያ፣ ለምን?» አልኩት አንድ ቀን። «ከሞት ተርፈናል። ይህ ሁሉ ሕዝብ አልቋል። ማራቶን ምን ያደርግልሃል?»

ብዙ ሳያስብ መለሰልኝ። «ባለፈው አራት ዓመት የጀመርነው ሁሉ እየተቋረጠ ቀረ። ቤት የጀመረ ቆመበት፤ ትምህርት የጀመረ ቆመበት፤ ልጁን ያሳደገ ልጁ መንገድ ላይ ቀረበት። እኔ አንድ ነገር ከዳር እስከ ዳር ሄጄ ማየት አማረኝ። ትንሽ ነገር። ግን እስከ ዳር።»

ከዚህ በኋላ አልተከራከርኩትም። ቀኑ እሑድ ነበር፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት በሞላው በስድስተኛው ወር። ውድድር አይደለም፤ ሰባት ዙር የራሱ መንገድ ነው። ንጋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ የቀባናትን ነጭ መሥመር በእጁ ነካ። እኔ ብስክሌት ተውሼ ውኃና ከረሜላ ይዣለሁ። «ሰዓቱንም ዙሩንም አንተ ያዝ። እኔ ዛሬ እግር ብቻ ነኝ» አለኝ። አይበሉባዬ ላይ በእስክርቢቶ አንድ መሥመር በየዙሩ አሰምራለሁ። እትዬ መድሂን በሩ ላይ ሞላላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክላለች። ስናልፍ ቀና አትልም።

አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ዙር ደኅና ሄደ። ወፍጮ ቤት ያሉት ሴቶች እልል አሉለት። አራተኛው ላይ ጠጠር መፍጫው ጋ ስንታጠፍ የቀኝ ጫማው ጎን ጠቁሮ አየሁ። ርጥብ ነበር።

«አያ፣ እግርህ።»

«ላብ ነው።»

«ላብ አይደለም። ቁም እንየው።»

«ከቆምኩ አልነሣም ሓወይ። ተወኝ።»

በአምስተኛው ዙር ከረሜላ ሰጥቼው በአፉ ይዞ ማላመጥ ረሳ። ዓይኑ መንገዱን ሳይሆን ከመንገዱ በላይ ያለውን አየር ነበር የሚያየው። ጫማው በረገጠ ቁጥር ድምፅ ያወጣል። እኔ የማየው ግን ያን ጫማ ብቻ አልነበረም። የሌሉትን ሁለት ጣቶች ነበር። በመቀስ የተቆረጠውን ማሸጊያ ነበር።

አምስተኛውን ጨርሰን በሩ ጋ ስንደርስ ዘወር ብሎ አየኝ። «ደሬ» አለኝ፣ «ስንት ነው?»

በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ካሕሳይ ቁጥር ሲጠይቀኝ ያ የመጀመሪያው ነው። እጄን አየሁ። አምስት መሥመር።

«ስድስት» አልኩት።

«ስድስት?»

«ስድስት ጨርሰሃል። አንድ ቀረህ።»

ራሱን ነቀነቀና ቀጠለ። እትዬ መድሂን ለመጀመሪያ ጊዜ ከስፌቷ ቀና ብላ አየችኝ።

ያ ዙር አላልቅ አለ። ግማሹን በእግሩ ሄደ። ባሕር ዛፉ ጋ ስንደርስ «ይቺን ተዋት አያ፣ አሥራ አንድ ሜትር ናት» አልኩት። እንደ እብድ አየኝ። ከመንገዱ ወጣ፤ በእጁ ግንዱን ተደግፎ፣ እግሩን እየጎተተ ዞራትና ተመለሰ። ብስክሌቴን ይዤ ቆሜ ሳየው ፊቴ ነደደ። እኔ ስድስት ኪሎ ሜትር ሰርቄው እሱ አሥራ አንድ ሜትር አላጎድልም ይላል።

በሩ ደርሶ ነጩን መሥመር ነካ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። «ሰባት!» ብዬ ጮኽኩ። «አለቀ አያ! አለቀ!» እትዬ መድሂን አየችኝ፤ እሱንም አየችው። ገብታ ወንበር አወጣች። ተቀመጠና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እናቱ የሞቱ ጊዜ እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም። «መድሂን» አላት፣ «ጨረስኩ።»

«ጨረስክ» አለችው። ካልሲው ከሥጋው ተጣብቆ አልወጣ ስላለ በልብስ መቀሷ ቆርጣ አወጣችው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ካሕሳይን በጣም ደስ ብሎት ያየሁባቸው ናቸው። ፋሻ የተጠቀለለ እግሩን ጠረጴዛ ሥር ዘርግቶ ቢሮ ለሚመጣ ባለጉዳይ ሁሉ ይናገራል። «ደኅና ነህ ወይ?» ሲሉት «ደኅና ነኝ፤ ጨረስኩ» ይላል። የሥራ ባልደረቦቻችን ኬክ ገዙ፤ እሱ ስኳር ስላለበት አልቀመሰም፤ ሲቆረስ ግን ቢላዋውን ይዞ እኩል እኩል ያካፈለው እሱ ነው።

ቁስሉ አልዘጋም። እግሩን አድንለታለሁ ብዬ ያስቀረሁት ዙር ምንም አላዳነም። ጉዳቱ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ሐኪሙ በኋላ ሲነግረኝ ከአራተኛው ዙር በኋላ ሮጠም ተቀመጠም ነገሩ ያው እንደነበር ከንግግሩ ገባኝ፤ ምን እንደሠራሁ ሳያውቅ ነው የነገረኝ። በሦስተኛው ወር ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ልጠይቀው ስሄድ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው። ዓይኔን ከዚያ ማንሣት አቃተኝ።

«ኣጆኻ» አለኝ። አይዞህ ማለቱ ነው፤ እሱ ለእኔ። «ምንም አይደል። ሥራውን ጨርሶ ነው የሄደው። ሳይጨርስ ቢቆረጥ ኖሮ ነበር የሚቆጨኝ።»

ልነግረው ነበር የሄድኩት። እምላለሁ፤ መንገዱን ሙሉ ቃላቱን እያዘጋጀሁ ነበር። ይህን ሲለኝ ግን ተውኩት። ብርቱካን ልጬ አንድ ክፋይ ሰጠሁትና ወጣሁ። ቀጥሎ ኩላሊቱ ደከመ። ቀጥሎ ፊቱ አበጠ፤ ሰው ማወቅ ተሳነው። አንዳንድ ቀን በአልጋው ላይ ሆኖ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ጆሮዬን ሳስጠጋ ቁጥር እየቆጠረ ነው። ማራቶኑን በሮጠ በስምንተኛው ወር አረፈ።

የሕይወት ታሪኩን እንድጽፍና ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እንዳነብ ቢሮው እኔን መረጠኝ፤ ሁሉም ከማንም በላይ የምቀርበው እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ። የተወለደበትን፣ የተማረበትን፣ የቀየሳቸውን ሰፈሮች ጻፍኩ። ስለ ኪኒኑ ልጽፍ ጀመርኩና ኣደይ ለምለም ይሰማሉ ብዬ ሰረዝኩት። «በሃምሳ ሁለት ዓመቱ፣ ከሕመሙ ጋር እየታገለ፣ ሙሉ ማራቶን ሮጦ ጨርሷል» ብዬ ጻፍኩ። በሕዝቡ ፊት ሳነበው ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከኋላ አንድ ሰው «ጀግና!» አለ። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠለት።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ እትዬ መድሂን ወደ ውስጥ አስጠራችኝ። የስፌት መኪናዋ ያለበት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ዓይኗ ደርቋል።

«ደረጀ» አለችኝ። በሙሉ ስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

«አቤት እትዬ።»

«ያነበብከውን ሰማሁ። ጥሩ አድርገህ ነው የጻፍከው።» ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ። «ሲያልፍ እየቆጠርኩ ነበር እኮ። ስድስት ነው።»

መሬት መሬት አየሁ። «ስድስት ነው» አልኳት።

«እግሩን ብለህ ነው?»

«እግሩን ብዬ ነው።»

«እኔም ሰምቼ ወንበር አወጣሁለት።» ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «እግሩ ተረፈ?»

«አልተረፈም።»

«እንግዲያው ብናስጨርሰው ምን ነበረበት» አለች። ቁጣ አልነበረበትም። ያልገባውን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀችኝ፤ መልስ ትጠብቃለች። ውጭ አዲስ ለቀስተኞች ገብተው ለቅሶው ከፍ አለ። ግድግዳውን ይዛ ተነሣችና ልትቀበላቸው ወጣች።